የጊደሪት ፍርግርግ

አካለ ወልድ ያን ሕልም ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ትራክተር ላይ ቁጭ ብሎ ነው። ዓይኑን ገልጦ ይሁን ጨፍኖ ራሱም አያውቅም። ከቢቸና ወጣ ብሎ ያለውን የማኅበሩን ሜዳ ሲያርስ፣ ፀሐይ ጀርባውን እያሞቀችው፣ የሞተሩ ድምፅ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያለ ሲያባብለው፣ አባቱ መሪጌታ ገብረ ኪዳን ነጭ ኩታቸውን ለብሰው ከትልሙ ጫፍ ቆመው ታዩት። አፋቸው ይንቀሳቀሳል። ስሙን እየጠሩት ነው። ሞተሩ ግን ድምፃቸውን ይውጠዋል። ማጥፊያውን ለመሳብ እጁን ይሰዳል፤ እጁ ይረዝማል፣ ይረዝማል፣ ማጥፊያው ጋ ግን አይደርስም። ብንን ሲል አባቱ የሉም፤ ትራክተሯም ትልሟን ለቃ የሰው ጤፍ ውስጥ ገብታለች።

ሕልሙ ከዚያ ወዲህ እየተመላለሰ ይመጣ ጀመር። ለማንም አልተናገረም። ለጤፉ ባለቤት እንኳ “ማርሹ አልይዝ ብሎኝ ነው” ብሎ አለፈው።

የነገሩ ሥር እንዲህ ነው። መሪጌታ ገብረ ኪዳን የቅኔ መምህር ናቸው። ተማሪዎቻቸው “የኔታ” ይሏቸዋል፤ ፊደል ያልቆጠረውም የቢቸና ሰው አብሮ “የኔታ” ይላቸዋል። “እኔ ዘንድ ከተማረማ አባትነቴን እንጂ መምህርነቴን አያየውም” ብለው አንድ ልጃቸውን ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ሰደዱት። ልጁ ብሩህ ነበር። ችግሩ፣ አንድ ቀን ወደ ሞጣ የሚወጣ የጭነት መኪና እቅኔ ቤቱ ፊት ለፊት ተበላሽቶ ቆመ። አካለ ወልድ ሾፌሩን ላግዝ ብሎ ከመኪናው ሥር ገባ፤ ሲወጣ እጁ ጠቁሮ፣ ልቡ ደግሞ እዚያው ሥሩ ቀርቶ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ መሬት ላራሹ ታወጀ፤ ቀጥሎም ትራክተር መንዳት የሚያስተምሩ ሰዎች መጡ። ልጁ አኮፋዳውን ለጓደኛው ትቶ ከሰዎቹ ጋር ሄደ።

የተመለሰው በትራክተር ነው። መሪጌታ ደጃፍ ላይ ቆመው ድምፁን ሰሙ፣ ናፍታውንም አሸተቱ፤ ከዚያ ወደ ሚስታቸው ወደ ወይዘሮ ወለተ ሐና ዞረው፣ “ይህን ስም ያወጣሁት በቅዳሴ መካከል ሊጠራ ነበር። ለጢስ አላወጣሁትም። ከእንግዲህ ከአፌ አይወጣም” አሉ። የጎጃም ሰው አንዴ ካለ አለ ነው፤ ባለው ነገር ቢጸጸት እንኳ ጸጸቱን ያስታምማል እንጂ ቃሉን አያጥፍም።

እናም አባትና ልጅ ባንድ ጣራ ሥር እያደሩ፣ ካንድ ትሪ እየበሉ፣ በእናትየዋ አፍ ይነጋገሩ ጀመር።

“ወለተ ሐና፣ ለዚያ ሰው ወጥ ጨምሪለት።”

“ልጄ፣ አባትህ ወጥ ይጨመርልህ ይላሉ።”

“በቅቶኛል በያቸው፣ እምዬ።”

“በቅቶኛል ይላል።”

መሪጌታ እፊት ለፊቱ ተቀምጠው ሁሉን እየሰሙ፣ እሷ ስትደግመው አዲስ ወሬ እንደመጣላቸው ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ። ለሚያይ ያስቃል። አካለ ወልድንም መጀመሪያ ላይ አስቆት ነበር፤ ዓመት ዓመትን ሲወልድ ግን ሳቁ እያለቀበት ሄደ። የመንደሩ ሰው “ሾፌሩ” ይለዋል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር “ጓድ” ይለዋል። እናቱ “ልጄ” ትለዋለች። ስሙን በስሙ የሚጠራው ስለጠፋ፣ አንዳንዴ ሜዳው መካከል ብቻውን ሲሆን ራሱ ይጠራውና ያዳምጠዋል። ሌላው ሰው ከብት ይመኛል፣ ቆርቆሮ ቤት ይመኛል። እሱ የሚመኘው ይህችኑ ብቻ ነበር፤ ስሙን ካባቱ አፍ አንዴ መስማት።

ትራክተሯ ትንሽ ናት። መጀመሪያ ስትመጣ ትልቅ ነገር ሲጠብቅ የነበረው ሰው ሁሉ ቅር አለውና፣ አንዱ፣ “ይችማ ገና ጊደር ናት” አለ፤ ስሟ ጊደሪት ሆኖ ቀረ። ለሥራ አትታማም። ባትሪዋ ግን ከሞተ ቆይቷል፤ አንዴ ከጠፋች በቁልፍ አትነሣም። ስለዚህ ሁልጊዜ የምታድረው ተዳፋት ላይ ነው፤ ጠዋት ቁልቁል ይለቃትና በማርሽ ያስነሣታል፤ ከዚያ በኋላ እስኪመሽ አያጠፋትም። ሜዳ ላይ ከጠፋች ጉድ ፈላ ማለት ነው፤ ፊቷ ላይ ገመድ የሚታሰርበት ነገር እንኳ የላትም፣ ያለው መላ አገር ወጥቶ መግፋት ነው።

ፊቷ ነበር ዋናው ጭንቀቱ። ከፊት ያላት ስስ ቆርቆሮ ብቻ ነው፤ ከቆርቆሮው ኋላ ራዲያተሩ። በክረምቱ ምንጣሮ አንድ የግራር ቅርንጫፍ ቆርቆሮውን ጥሶ ገባና ራዲያተሩን በሳው። ሞጣ ሄዳ ተጠግና እስክትመለስ የዘሩ ጊዜ አለፈ። ከበላይ የመጡት ሰዎች እንቅጩን ተናገሩ፦ ደግማ ከተበሳች ለጉንደ ወይን ማኅበር ትሰጣለች፤ ነጂዋም አብሯት ይሄዳል። ጉንደ ወይን የሰው አገር አይደለም፤ ቢሆንም ካባቱ ትሪ ርቆ ሲኖር ታየውና ልቡ ፈራ። አባቱ እያረጁ ነው፤ ዓይናቸው ደክሟል። ያችን ቃል ሊናገሩ ቢፈልጉ፣ እሱ ጉንደ ወይን ሆኖ እንዴት ይሰማታል?

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ከፋለ መላ አመጣ። ከፋለ በስብሰባ ላይ ሃይማኖት ኋላ ቀርነት ነው የሚል፣ ቤቱ ገብቶ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ነው።

“ጓድ፣ ሞጣ ጥገና ቤቱ ግቢ ውስጥ የቆመ አሮጌ ትራክተር አለ። ፊቱ ላይ የብረት ፍርግርግ አለው። አስፈቅጃለሁ፤ ሂድና ለጊደሪት አልብሳት። ስንዴው ሳይወቃ ተመለስ” አለው።

ታኅሣሥ ነበር። አካለ ወልድ በማለዳ ጉም ውስጥ ተነሣ። መንገዱ ከፊቱ ጥቂት ብቻ እየታየ፣ ጉሙ ሲከፈት ደግሞ የታጨደው ማሳ ወርቅ መስሎ ብቅ እያለ፣ እንደ ሰከረ ሰው ደስ ብሎት ነዳ። ደብረ ወርቅ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ። የቅኔ ተማሪዎች ደበሎአቸውን ለብሰው ካጥሩ ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ፤ አንዳንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ቅኔውን ይቆጥራል። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ ከሞተሩ ጩኸት የተነሣ ድምፃቸው አይሰማም። ሕልሙ በቀን የወጣበት መሰለው። ማጥፊያውን አየው፤ እጁ ሥር ነው። መንገዱ ግን ሜዳ ነው፣ ካጠፋት ማን ያስነሣለታል? እጁን ሰብስቦ አለፈ።

ሞጣ በያጁ ደምለው ተቀበለው። ደምለው እጀ ሰፊ፣ ሳቂታ፣ ከብረት ጋር እንደ ሰው የሚያወራ ነው።

“ይኸ ፍርግርግ ከፋብሪካ የመጣ እንዳይመስልህ” አለ የቆመውን ትልቅ ትራክተር ፊት በመዶሻው እያንኳኳ። “ፋብሪካው ባዶ ፊቱን ነው የላከው። ይህን ኋላ አንድ በያጅ አስቦ የሠራው ነው። እጁ ይባረክ! የሠራው ግን ለዝሆን ነው፤ ያንተዋ ደግሞ ፍየል ናት።”

“ጊደር ናት” አለ አካለ ወልድ ቅር ብሎት።

“ጊደርም ብትሆን ያባቷን ኮት ነው የምናለብሳት። እናሳጥረው።”

አሳጠሩት። ደምለው ከሁለቱም ጎን ቆርጦ በየደው። የጊደሪትን ሻንሲ በከሰል ምልክት አድርገው በሱት፤ ፍርግርጉን ሁለቱ ተሸክመው ከቀዳዳው ጋር ሲያስተያዩት ያንዱ ወገን ገጠመ፣ የሌላው እንቢ አለ። አወረዱት፤ እግሩን አግለው አጠፉት፤ መልሰው አነሡት። አሁን ገጠመ። አካለ ወልድ ብሎኑን ሰደደ፣ ዳዶውን በቁልፍ አጠበቀ። ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ሲያያት ጊደሪት ድንገት ያደገች፣ ለወግ ለማዕረግ የበቃች መሰለችውና ሳቀ።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። ልሞክራት ብሎ ከሞጣ ወጣ እንዳለ የሙቀት መርፌው ሽቅብ መውጣት ጀመረ። ውኃ ጠምቷታል። ተዳፋት ፈልጎ አጠፋትና ኮፈኗን ሊከፍት ሳበ፤ አይከፈትም። ፍርግርጉ የኮፈኑን ከንፈር ከላይ ተጭኖታል። ብሎኑን እንዳይፈታ ቁልፉ ደምለው ዘንድ ቀርቷል። ውኃው በጀሪካን እጁ ላይ ነው፤ የምትጠጣበት ግን ተዘግቷል። ሌላ የሚያደርገው ቢያጣ እስክትበርድ ጎማዋን ተደግፎ ተቀመጠ፤ የታኅሣሥ ፀሐይም አሸለበችው።

አባቱን አያቸው። አሁን ግን አርጅተው አይደለም፤ እሱ ልጅ ሳለ እንደነበሩት ናቸው። የጥጆቹን በረት ይዘጋሉ። መዝጊያው የወይራ እንጨት ተገድግዶ የተሠራ፣ ባንድ ወገን የሚዞር፣ በሌላው ወገን መወርወሪያ ያለው ነው። አባቱ መወርወሪያውን ሳብ ያደርጉታል፣ መዝጊያው ይዞራል፣ ጥጃዋ ወጥታ ትጠጣለች፤ ትገባለች፣ ይዘጉባታል። ዘወር ብለው አዩትና አፋቸውን ከፈቱ። ሊጠሩት ሲሉ ነቃ።

ሲነቃ ዓይኑ ፍርግርጉ ላይ አረፈ። ከዚያ ብድግ ብሎ ጊደሪትን ቁልቁል ለቀቃትና፣ በቀስታ እያስታመመ ወደ ደምለው ተመለሰ።

“እንደ በረት መዝጊያ ይሁን” አለው ገና ከላይ ሳይወርድ። “ባንድ ወገን ይዙር፣ በሌላው ወገን መወርወሪያ ይኑረው። ስትጠማ የሚከፈት ይሁን።”

ደምለው ጥቂት አሰበና ጭኑን መታ። “ኧረ አንተ ሰው! ይህንን ማን ነገረህ?”

“አባቴ” አለ አካለ ወልድ፤ ሳያስበው አፉ አመለጠው።

ካንድ ከፈረሰ ቤት በር ወፍራም ቸርኔራ ነቅለው በየዱለት። ፍርግርጉ ይዞር ጀመር፤ ሲከፈት ሲጢጥ ይላል፤ መወርወሪያው ሲገባ ጠቅ ይላል። አካለ ወልድ ቢቸና እስኪደርስ በየተዳፋቱ እየቆመ፣ ሳያስፈልገው ሁሉ ሲከፍት ሲዘጋ መጣ።

በማግሥቱ ጊደሪትን ለውቂያ አውድማ ይዟት ወጣ።

አውድማ የዋዛ ቦታ አይደለም። በእበት ተለቅልቆ፣ ተጠርጎ፣ ልክ እንደ ቤት ወለል ይጠበቃል። ጫማ አይገባበትም፤ ሲያልፍ የሚያየው ሰው “በረከት ያውርድ” ሳይል አያልፍም። በሬ ሲያበራይም አፉ አይታሰርም፤ እየዞረ ጎንበስ ብሎ ይጎርሳል፤ ማንም ተው አይለውም፣ የለፋበት ነው። ከፋለ ግን፣ ዘንድሮ የማኅበሩን ስንዴ ጊደሪት ትዞርበታለች፣ በሬዎቹም ከኋላዋ ይከተላሉ ብሎ ወስኗል። ገበሬዎቹ በሬዎቻቸውን ይዘው መጥተው ዳር ቆመዋል።

ከሁሉ ፊት የነበሩት አያ ታዘበው ናቸው፤ ያገር ሽማግሌ፣ አውድማውን የመረጡትም እሳቸው። ጊደሪትን አዩዋት። ዞሩና ደግሞ ከፊት ለፊት አዩዋት።

“አንተ ሾፌሩ፣ ይኸ ምንድን ነው?”

“መከላከያ ነው፣ አያ ታዘበው። ከእሾህ፣ ከጉቶ እንዲጋርዳት ነው።”

“አፏን አስረሃታል።”

“አፏ አይደለም እኮ…”

“አይደለም ትለኛለህ? ከፊት ነው ያለው። ከዓይኖቿ በታች ነው። ከዓይን በታች ያለው አፍ ካልሆነ ምንድን ነው?”

የጊደሪት ሁለት መብራቶች ከፍርግርጉ በላይ ይታያሉ። ሰዉ ሁሉ አየ። እንዲያ ሲያዩዋት እውነትም አፏ የታሰረ ከብት ትመስላለች። ስሟን ጊደሪት ያሏት እነሱው ናቸው፤ ባወጡላት ስም ደግሞ ተያዙ።

“አፉ የታሰረ ከብት በኛ አውድማ ዙሮ አያውቅም” አሉ አያ ታዘበው። “በረከቱ ይሸሻል።”

ከፋለ ወደ መካከል ገባ። ስለ ሳይንስ ተናገረ፣ ስለ ምርት ዕድገት ተናገረ፣ ስለ ኋላ ቀር አስተሳሰብ ረዘም አድርጎ ተናገረ። ገበሬዎቹ እስኪጨርስ በትሕትና ሰሙት፣ “እሺ” አሉ፣ በሬዎቻቸውን እየነዱ ወደየቤታቸው ሄዱ። የጎጃም ገበሬ እንቢ አይልም፤ እሺ ብሎ ቤቱ ይገባል።

“ለውቂያው ጊዜ ብቻ እንፍታላት” ብሎ ጮኸላቸው ከፋለ ከኋላ።

አያ ታዘበው ዘወር አሉ። “ነገ እርሻ ላይ መልሳችሁ ልታስሯት? አፉ የታሰረ ከብት ባረሰው መሬት ማን ይዘራል? ይልቅ የኔታ ይጠየቁ። እሳቸው ይሁን ካሉ ይሁን።”

ከፋለ ሃይማኖት አይጠየቅም ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። ፊቱ ግን ቀለል ሲለው ይታይ ነበር። “እንግዲህ ብዙኃኑ ከፈለገ…” አለና ወደ አካለ ወልድ ዞረ። “ልጃቸው አይደለህ? ንገራቸው።”

ንገራቸው ማለት ቀላል ነው። አካለ ወልድ ያን ቀን ራት ላይ የቆረሰውን እንጀራ መልሶ ትሪው ላይ አኖረው። አባቱ የማይወዷትን ትራክተር፣ እሱ የሠራውን ፍርግርግ፣ ሰው ፊት ወጥተው እንዲፈርዱለት መለመኑ ነው። አይሆንም ካሉ ፍርግርጉ ይነቀላል፤ ፍርግርጉ ከተነቀለ ጊደሪት ትበሳለች፤ ከዚያ ጉንደ ወይን ነው። ይሁን ቢሉስ? ለሰዉ ይሁን ብለው፣ ለሱ እንደገና ዝም ነው።

“እምዬ” አለ በመጨረሻ፣ “ነገ አውድማው ድረስ ብቅ እንዲሉልን…”

ወይዘሮ ወለተ ሐና እንደ ልማዷ ልትደግመው ወደ ባሏ ዞረች። መሪጌታ ቀደሟት።

“ሰምቻለሁ በይው።”

እናትየዋ አፏን እንደከፈተች ቀረች። የሚደገም ነገር አልነበረም።

በማግሥቱ አውድማው ዙሪያ ሰው ሞላ። ጊደሪት ከተዳፋቱ ተነሥታ መጥታ፣ ሜዳው አውድማ መካከል ሞተሯ እየሠራ ቆማለች። መሪጌታ ገብረ ኪዳን በመቋሚያቸው እየተመሩ መጡ፤ ዳር ላይ ጫማቸውን አወለቁ፤ ስንዴውን እየረገጡ ወደ ጊደሪት ተጠጉ። አካለ ወልድ እወንበሩ ላይ ሆኖ አያቸው። ነጭ ኩታ ለብሰዋል።

አያ ታዘበው ካጠገባቸው ቆሙ። መሪጌታ በመቋሚያቸው ፍርግርጉን ነካ ነካ አደረጉና፣ በሞተሩ ላይ ጮክ ብለው፣ “ታዘበው! ያን ሰው ጠይቅልኝ፤ ምግቧ የሚገባው በዚህ ነው?” አሉ።

አያ ታዘበው ወደ ላይ ጮኹ፣ “ምግቧ በዚህ ነው ወይ ይላሉ!”

“አይደለም በሏቸው! ናፍታው ከላይ ነው የሚገባው!”

“ከላይ ነው ይላል!”

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ፍርግርጉ ሰደዱ። የኩታቸው ጫፍ የሞተሩ ማራገቢያ በሚስበው ነፋስ ተስቦ ብረቱ ላይ ልጥፍ አለ። ሰዉ እህ አለ። እሳቸው ግን ኩታቸውን አላስለቀቁም፤ ጎንበስ ብለው እንደ ሕመምተኛ ትንፋሽ አዳመጡ።

“ትተነፍሳለች” አሉ። “ትንፋሽዋ አልታፈነም። ውኃስ? ውኃ ስትጠማ ምን ያደርጋል በለው።”

አያ ታዘበው መልእክቱን እስኪያደርሱ አካለ ወልድ አልጠበቀም። ዘሎ ወረደ። ጀሪካኑን አንሥቶ በፊታቸው አለፈና መወርወሪያውን ሳበ። ፍርግርጉ ሲጢጥ ብሎ ዞረ። ኮፈኑን ከፈተ፣ ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ቀስ አድርጎ ፈታው፣ ውኃውን አፈሰሰላት፤ ጉልጉል እያለ ገባ። ዘጋ፤ መወርወሪያው ጠቅ አለ።

መሪጌታ ያን ድምፅ ሲሰሙ ቀና አሉ። በጣታቸው መወርወሪያውን ዳሰሱት፣ ወደ ማዶው ጎን አልፈው ቸርኔራውን ዳሰሱት፣ ዝቅ ብለው እግሩን ዳሰሱት። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረው እንደ ስብከት ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

“የታሰረ አፍ አላገኘሁም! ይኸ የበረት መዝጊያ ነው፤ እኔም እቤቴ ነበረኝ። ከብቱን በረት የሚዘጋበት ሰው የከብቱ ጠላት አይደለም፤ ጅብ የሚፈራለት ባለቤቱ ነው። በሬዎቻችሁን አምጡ!”

አያ ታዘበው ቆባቸውን አነሡ። ዳር ያለው ሰው እየተንጫጫ ወደ በሬዎቹ ሄደ። ከፋለ “ድል ነው!” አለ፤ የማን ድል እንደሆነ ግን አልተናገረም።

አካለ ወልድ ወደ ወንበሩ ተመለሰና መሪውን ያዘ። ነገሩ ሁሉ አልቋል፤ ጊደሪት ተርፋለች፤ ጉንደ ወይንም ቀርቷል። ለምን ደስ እንዳላለው ያውቃል። ማርሹን ሊያስገባ ቀና ሲል፣ አባቱ አልሄዱም። አንድ እጃቸውን ፍርግርጉ ላይ እንዳኖሩ፣ ፊታቸውን ወደሱ አቅንተው ቆመዋል። አፋቸው ተንቀሳቀሰ።

ድምፅ አልነበረም። ሞተሩ ዋጠው።

ይኸ ሕልም ነው አለ በልቡ። እጁን ወደ ማጥፊያው ሰደደ፤ አሁን ይረዝማል፣ አሁንም አይደርስም ብሎ ጠበቀ። ጣቱ ብረቱን ነካ። ሳበው።

ጊደሪት ሁለት ጊዜ ተንቀጠቀጠችና ጸጥ አለች።

“ምን ነካህ!” ብሎ ጮኸ ከፋለ። “ባትሪ የላት! ሜዳ ላይ ነን እኮ!”

እንዲህ ያለ ጸጥታ አውድማው ላይ የሚሰማ አይመስልም ነበር፤ በሬዎቹ ስንዴውን ሲያመነዥጉ ሳይቀር ይሰማል። የሰዉ ሁሉ ዓይን መሪጌታ ላይ አረፈ። እሳቸው ግራ ገብቷቸው ቆሙ። አካለ ወልድ ያን ጊዜ ገባው። አባቱ ያችን ቃል ያወጧት ሞተሩ ስለሚጮህ ነው። ማንም ሳይሰማ፣ ቃላቸውም ሳይፈርስ፣ አንዴ ሊሏት ፈልገው ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የሳቸው ግን ገና አፋፍ አልደረሰም። ዝም ብለው መቋሚያቸውን አንሥተው ቢሄዱ ምንም እንዳላሉ ነው።

አልሄዱም።

“አካለ ወልድ” አሉ።

“አቤት!”

ድምፁ የራሱ አልመስል አለው። ለአባቱ አቤት ካለ ስንት ዘመኑ ነው! ዓይኑ ሞላ። ቀጥለው ምን ሊሉት ነው? ይቅር ብዬሃለሁ? ይቅር በለኝ? መሪጌታ መቋሚያቸውን ወደ ታች፣ ወደ እግሩ አመለከቱ።

“ጫማህን አውልቅ። አውድማ ላይ ነህ።”

እውነትም አላወለቀም ነበር። የማኅበሩን ቦቲ እንዳደረገ ወርዶ፣ ስንዴውን ረግጦ፣ ውኃ አጠጥቶ ተመልሷል፤ ሰው ሁሉ አይቶ አፍሮለት ዝም ብሎታል። አካለ ወልድ ጎንበስ ብሎ ክሩን ሲፈታ እንባው ቦቲው ላይ ተንጠባጠበ፤ ደግሞም ይስቅ ነበር። ሁለቱንም አውልቆ ወደ ዳር ወረወራቸው። ያች ክፉ ናፍቆት የት እንደገባች እንጃ፤ ባዶ እግሩን ፍሪሲዮኑ ላይ ሲያሳርፍ ሰውነቱ ቀለለው።

“እና አሁን ይችን እንዴት እናስነሣታለን?” አለ ከፋለ ጭንቅላቱን ይዞ።

አያ ታዘበው መጫኛ አስመጡ፤ ያን ረጅሙን የጠፍር ገመድ። ፊቷን ዞረው አዩና ፍርግርጉን ጨበጥ አድርገው ነቀነቁት፤ አልተነቃነቀም። “ይኸውልህ፣ አሁንስ መያዣ አበጅተንላታል” አሉ፤ ትናንት አፍ ማሰሪያ ነው ያሉት እሳቸው እንዳልሆኑ። ገመዱን ፍርግርጉ ላይ ቋጠሩት። በሬዎቹ ተጠመዱ፤ ሰዉም በየወገኑ ገመዱን ያዘ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ስንዴው ላይ ጥለው፣ ኩታቸውን አደግድገው፣ ከገመዱ ላይ የሚይዙት ቦታ በእጃቸው ሲፈልጉ ሰዉ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላቸው።

ሳቡ። ጊደሪት ተንቀሳቀሰች፣ ገለባው ከጎማዋ ሥር ተንኮሻኮሸ፣ አካለ ወልድ ማርሹን አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። አንዴ አስነጠሳት፤ ደግማ አስነጠሳት፤ ከዚያ ሞተሯ ተነሣና አውድማውን ሞላው። ሰዉ እልል እያለ ገመዱን ጥሎ ሸሸ። አባቱ ብቻ ጥቂት ፈቅ ብለው ቆሙና ወደሱ ዞሩ። አፋቸው ተንቀሳቀሰ። ምን እንዳሉ አልሰማም።

“አቤት!” አለ።